የማጠቢያ ማሽን ፍሳሽ፦ የሚደፈነውና የማይደፈነው

ቤት ተከራይ በር ከፍቶ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው ወለሉ ላይ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ደላላ ግን ቀና ብሎ የመታጠቢያ ክፍሉን ጣሪያ ያያል። እዚያ ሻይ የተደፋበት የሚመስል ቡናማ ክብ ካለ የኪራዩ ድርድር ከዚያው ይጀምራል። ክቡ የሚመሰክረው ፎቅ ላይ ባለው ጎረቤት ላይ ነው፤ ዋጋው የሚወርደው ግን የታችኛው ቤት ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በጀሞ፣ በመካኒሳ፣ በላፍቶና በጎፋ የሚገኙት ኮንዶሚኒየሞች ሲታነጹ ልብስ በሳፋ እንደሚታጠብ ታስቦ ነበር። ለኮንዶሚኒየም ግቢዎች የታሰበው የጋራ መገልገያ ሕንፃ አንዱ ተግባሩ የልብስ አጠባ ሲሆን፣ ሌላው የበዓል እርድ ነበር። በየቤቱ መጸዳጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የሻወር መውረጃና የኩሽና መስመር ተሰጥቷል፤ ለማሽን ተብሎ የተተወ የፍሳሽ አፍ ግን በአብዛኛው የለም። በመሆኑም ማሽኑ በሁለት ሰው ሸክም ደረጃውን ወጥቶ ሻወር ክፍል ጥግ ከተቀመጠ በኋላ ነው “ቱቦው የት ይግባ?” የሚለው ጥያቄ የሚነሣው።

የተለመደው መልስ ቱቦውን ወለሉ ላይ ጥሎ ወደ ሻወሩ መውረጃ ማስፈሰስ ነው። ይሁን እንጂ ማሽን ውኃውን እንደ ሰው በጣሳ አያፈስም። ፓምፑ በደቂቃ 15 ሊትርና ከዚያም በላይ ይተፋል። መውረጃው በፀጉርና በሳሙና ዝቃጭ ግማሹ ከተዘጋ ውኃው ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ከሴራሚኩ ሥር ውኃ መከላከያ ካልተቀባም በመጋጠሚያው ሰርጎ ሶሌታውን ያርሳል። ያ ቡናማ ክብ የሚወለደው እንዲህ ነው።

ቱቦውን በበረንዳ አውጥተው ከዝናብ አሸንዳ ጋር የሚያገናኙም አሉ። ለቤቱ ባለቤት ግልግል ነው፤ ለሰፈሩ ግን አይደለም። የዝናብ መስመር ወደ ማጣሪያ አይሄድምና የሳሙናው ውኃ በቦይ አድርጎ ወንዝ ይገባል፤ በዚህ አካባቢ ወንዙ ትንሿ አቃቂ ናት። ከተማው በ2010 ዓ.ም. ቃሊቲ ላይ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም ያለው ጣቢያ ያስመረቀው ለዚህ ዓይነቱ ውኃ ነበር።

ትክክለኛው አሠራር ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ከማሽኑ ጀርባ ባለ 50 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አፉ ከወለሉ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከሥሩ ሲፎን ገብቶለት ከፍሳሹ መስመር ጋር ይገናኛል። አግድም የሚሄደው ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ሲፎኑ የተጠማዘዘው ለጌጥ አይደለም። በጉልበቱ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ውኃ ሁልጊዜ ይቀራል፤ የመስመሩን ሽታ የሚያግደው ያ ውኃ ነው። ቤቱ ለሳምንታት ከተዘጋ ውኃው ይተንና ሽታው ይገባል። መድኃኒቱ ትንሽ ውኃ ማፍሰስ ብቻ ነው፤ ለዚህ ባለሙያ አይጠራም።

ትልቁ ጥፋት የሚመጣው “እንዳያፈስ አድርገህ ድፈነው” ከተባለ በኋላ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ሲሊኮኑን ይዞ ያገኘውን ክፍተት ሁሉ ይሞላል፤ የማሽኑን ቱቦ ከቆመው ቧንቧ አፍ ጋር ጭምር አጣብቆ ይደፍነዋል። ሥራው ለዓይን ስለሚያምር ባለቤቱ ተደስቶ ይከፍላል።

ከበርሜል በጎማ ነዳጅ ቀድቶ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚሆነው ይገባዋል። ቱቦው አንዴ ከሞላና አየር ካላገኘ ማንም ሳይነካው ውኃውን ስቦ ያወጣል። ማሽኑ ከላይ ሲቀዳ ቱቦው ከታች ይጠጣበታል፤ ማሽኑም የሞላ ስለማይመስለው መቅዳቱን አይተውም። ልብሱ በደንብ ሳይለቀለቅ ሰዓቱ ያልፋል፣ ቆጣሪው ይዞራል። ከዚያ “ማሽኑ ተበላሽቷል” ተብሎ ቴክኒሻን ይጠራል፣ ጤነኛ ዕቃም ይቀየራል። ውኃ በፈረቃ በሚዳረስበት ሰፈር ደግሞ ብክነቱ የሚያልቀው ከሮቶው ነው።

ስለዚህ የሚደፈነው ሌላ፣ የማይደፈነው ሌላ ነው። የፒቪሲው መጋጠሚያዎች ሁሉ ይደፈናሉ። የቆመው ቧንቧ አፍ ግን በቱቦው ዙሪያ አየር እንዲገባ ክፍት ይተዋል፤ ቱቦው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ገብቶ፣ ፓምፑ ሲተፋ እንዳይዘል ከቧንቧው ጋር ይታሰራል። መጋጠሚያውን የሚይዘው የፒቪሲ ማጣበቂያ እንጂ ሲሊኮን አይደለም። ቧንቧው ተጠርጎና ደርቆ፣ ሁለቱም ወገን ተቀብቶ እስከ መጨረሻው ይገፋል። የሲሊኮን ቦታው ቧንቧው ግድግዳውን ወይም ወለሉን በስቶ የሚያልፍበት ዙሪያ ነው፤ እርጥብና አቧራማ ነገር ላይ አይዝም፣ አንድ ቀን ያህል ሳይደርቅም ውኃ ሊነካው አይገባም።

ቦታ የጠበበው ቱቦውን ከእጅ መታጠቢያው ሲፎን ቅርንጫፍ ጋር ሊያገናኝ ይችላል። እዚህ ግን ቱቦው በማጥበቂያ ቀለበት አጥብቆ ይታሰራል፤ አየሩ በመታጠቢያው ቀዳዳ ይገባልና። የመታጠቢያው እድፍ ተመልሶ ማሽኑ ውስጥ እንዳይገባ ቱቦው መጀመሪያ ወደ ላይ ታጥፎ ከዚያ መውረድ አለበት። አንዳንዱ አዲስ ሲፎን ደግሞ ቅርንጫፉ በፕላስቲክ እንደተደፈነ ስለሚመጣ፣ ሳይበሱት አስረው ማሽኑን የሚወቅሱ አይጠፉም።

ነገሩ የጎረቤት ጸብ ብቻ ቢሆን በሽማግሌ ባለቀ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ የግሉን ከጋራው ይለያል። ሁሉንም ቤቶች የሚያገለግለው ቁልቁል የሚወርድ ዋና ቧንቧ የጋራ ጉዳይ ነው ቢባል እንኳ፣ አንዱ ለራሱ ማሽን የቀጠለው መስመር ጣጣው የቀጠለው ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን ይደነግጋል። ከአንድ ተከራይ ጋር ሁለት ዓመት የሚዘልቅ አከራይ መስመሩን ማን እንደሚያሠራና ቢያፈስ ማን እንደሚከፍል በውሉ ካላስገባ፣ የኪራዩ ገቢ ለታች ጎረቤት ቀለም መግዣ ሊሆንበት ይችላል። ደላላውም ኮሚሽኑን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት ይህችን አንቀጽ ቢያስታውስ ስልኩ በሌሊት አይጮህበትም።

ነጋዴውም ከዚህ አይርቅም። ማሽኑ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ ሲፎኑ ከግንባታ ዕቃ ሱቅ ይገዛል፤ ሁለቱ ሻጮች ተገናኝተው አያውቁም። ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የመጣ ማሽን በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም። ሲፎኑን፣ ሁለት ሜትር ቧንቧውንና ማጣበቂያውን በአንድ ካርቶን አድርጎ ከማሽኑ ጋር የሚሸጥ ነጋዴ ትርፉ በሁለት በኩል ነው፤ ዕቃውም ይሸጣል፣ “የሸጥክልኝ ማሽን አይሠራም” የሚል ደንበኛም ይቀንስለታል።

ለሠራተኛው ከመክፈል በፊት የሚደረገው ፈተና ደግሞ ወጪ የለውም። በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ጋዜጣ ይነጠፋል። ማሽኑ ሳይከፈት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውኃ በቆመው ቧንቧ አፍ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገለበጣል። ውኃው ወደ ላይ ካልተመለሰና ጋዜጣው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረቅ ከሆነ ይከፈላል። ጠብታ ከታየበት ሠራተኛው ገና ከቤት ሳይወጣ ነው።