ቅጹ «ጥቁር» ይላል፣ ዕጢውስ?

አትላንታ አጠገብ ባለችው ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ ፒችትሪ ደንዉዲ መንገድ አካባቢ፣ ኖርዝሳይድና ኤመሪ ሴንት ጆሴፍስ ሆስፒታሎች ጎን ለጎን ቆመዋል። የጡት እብጠቷን ልትመረመር የሄደች ሐበሻ በምትሞላው ቅጽ ላይ «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ታደርጋለች። ከባዮፕሲ በኋላ የሚመጣው የፓቶሎጂ ውጤት ግን የሚያወራው ስለ ዘር አይደለም፤ ስለ ፕሮቲን ነው።

በውጤቱ ላይ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጀስትሮን ተቀባይና ኸር-2። የመጀመሪያውን መኖር ያሳየው በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የቺካጎው ኤልውድ ጄንሰን ነው። ይህ ተቀባይ ያለው ዕጢ ከሆርሞኑ የእደግ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ታሞክሲፈን የተባለው መድኃኒት ቦታውን ቀድሞ ይዞ ሆርሞኑን ደጅ ያስቀረዋል።

የኸር-2 ታሪክ ይበልጥ ይገርማል። የዚህ ፕሮቲን ጂን በዕጢው ውስጥ ሲባዛ፣ የሴሉ ገጽ በተቀባይ ይሞላና ሴሉ ያለ ፋታ ይከፋፈላል። ተመራማሪው ዴኒስ ስላመንና ባልደረቦቹ በ1987 ጂኑ የበዛባቸው ሴቶች በሽታው ቶሎ እንደሚያገረሽባቸው አሳዩ። በ1998 ፕሮቲኑን ራሱን ዒላማ ያደረገው ትራስቱዙማብ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ መርዶ የነበረው ምልክት የመድኃኒት በር ሆነ። በጀርመኗ ኪል ከተማ ስም የተጠራው ሌላ ምልክት፣ ኪ-67፣ ደግሞ የሚከፋፈሉትን ሴሎች ያሳያል፤ ቆጠራው ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ስለሚለያይ እኔ ብቻውን አላምነውም።

ሦስቱም ተቀባዮች ከሌሉ ዕጢው ትሪፕል ኔጋቲቭ ይባላል፤ ፈጥኖ የሚዛመት፣ የሆርሞን መድኃኒትም ሆነ ትራስቱዙማብ የማይሠራበት ዓይነት ነው። አትላንታን ጨምሮ በአሜሪካ፣ ከነጮች ይልቅ በጥቁር ሴቶች ላይ በእጥፍ ገደማ ይታያል። እዚህ ላይ ነው ቅጹ የሚያሳስተው። የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎች ዕጢ ሲመረመር፣ ከመቶ ስድሳ አምስት ያህሉ የኤስትሮጅን ተቀባይ ነበረው። ሐኪሟ ሊሳ ኒውማን የመሩት የንጽጽር ጥናትም ትሪፕል ኔጋቲቭ በጋናውያን ዘንድ ሲበዛ፣ በኢትዮጵያውያን ዘንድ አነስተኛ ሆኖ አግኝቶታል። ከመላ ምቶቹ አንዱ ልዩነቱን ቫይቫክስ ወባ ወደ ቀይ የደም ሴል ከሚገባበት የዳፊ ፕሮቲን ጋር ያያይዘዋል፦ በምዕራብ አፍሪካ ይህ ፕሮቲን ከብዙ ሰው ቀይ የደም ሴል ላይ የለም፤ በእኛ ዘንድ ግን ያላቸው ብዙ ናቸው፣ ለዚህም ነው ቫይቫክስ ወባ አገራችን ውስጥ የተስፋፋው።

ቁጥሩን እንዳለ መዋጥ ግን አይገባም። ከጡት የወጣው ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ ከዘገየ ተቀባዮቹ ይበላሻሉ፤ ፖዘቲቩ ኔጋቲቭ መስሎ ይወጣል። ዕጢው ራሱም ወደ ጉበት ወይም አጥንት ሲዛመት መልኩን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች የሚቻል ከሆነ ከአዲሱ ቦታ ዳግመኛ ናሙና ይወስዳሉ፤ ታማሚዋም «አንዴ ተወግቼ የለም እንዴ?» ብትል አይፈረድባትም።