ብሎኑ እምቢ ሲል

መኪና ስር ተኝቶ የሚሠራ ሰው የሚፈራው ድምፅ አለ። ቁልፉን ይዞ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሲጫን ብሎኑ መጀመሪያ የላላ ይመስለዋል፤ እጁ ላይ ልምጥ ይልበታል፤ ከዚያ "ቀጭ!" ይላል። ተፈታ ያለው ብሎን አንገቱ ላይ ተቆርጦ ጭንቅላቱ ቁልፉ ውስጥ ቀርቷል። እኔ መጀመሪያ የሰበርኩት የማርሚታ ብሎን ነበር። የአምስት ደቂቃ ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ የቀረውን ግንድ በድሪል እየበሳሁ አወጣሁት። አጠገቤ የነበሩት አንጋፋ መካኒክ "ልጄ፣ ማታ ዘይት ቀብተኸው ብትሄድ ኖሮ ጠዋት ይታዘዝህ ነበር" አሉኝ።

ዝገት ብሎንን የሚይዘው በማበጥ ነው። ብረት በእርጥበትና በኦክስጅን ሲበላ የሚፈጠረው ዝገት ከተበላው ብረት እጥፍና ከዚያም በላይ ቦታ ይፈልጋል። በብሎኑና በዳዶው ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ግን ከፀጉር ብዙም አይሰፋም። ዝገቱ እዚያች ጠባብ ቦታ ሲያብጥ ሁለቱን ብረቶች እንደ ሽብልቅ ወጥሮ ያጣብቃቸዋል። ጨው ሲጨመርበት ይብሳል፤ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ከአፍዴራ ጨው ሲያመላልስ የኖረ የጭነት መኪና ሻንሲ ስር የገባ ሰው ይህን አይቶታል።

ሰርጎ ገብ የሚባለው ዘይት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የሞተር ዘይት ወፍራም ስለሆነ ብሎኑ አናት ላይ ይተኛል እንጂ ቶሎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሰርጎ ገቡ ግን ቀጭን ነው፤ ላምባ በኩራዝ ፈትል ሽቅብ እንደሚወጣ ሁሉ ይህም ማንም ሳይገፋው በስንጥቁ ውስጥ እየተሳበ ይሄዳል። ላምባና ናፍጣ ራሳቸው በየጋራዡ የዛገ ብሎን ማላሻ የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሚሸጡት ውስጥ ስሙ የገነነው ደብሊው ዲ-40 ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በሳንዲያጎ የተቀመመው የአትላስ ሚሳይልን ገላ ከዝገት ለመጠበቅ ነበር፤ ስሙም ውሃን ገፍቶ የሚያስወጣ፣ በ40ኛው ሙከራ የተሳካ ቅመም ማለት ነው። ስለዚህ ዋና ሙያው እርጥበት ማባረር ነው። ቀለል ያለ ዝገት ይፈታል፤ ለጠናበት ብሎን ግን ኩባንያው ራሱ ሌላ ሰርጎ ገብ ዘይት ለይቶ ይሸጣል። ይህን ሳያውቁ "ነፋሁበት፣ አልሠራም" ብለው ጣሳውን የሚወረውሩ ብዙ ናቸው።

በቤት የሚቀመመው ደግሞ አሴቶንና ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል ነው። አሴቶኑ ዘይቱን አቅጥኖ ወደ ጥርሱ ያስገባዋል፤ ከዚያ እሱ ተንኖ ይጠፋና ዘይቱ እዚያው ይቀራል። ችግሩ ሁለቱ አይዋደዱም። ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ሲቀመጡ ቀዩ ለብቻው፣ ነጣ ያለው ለብቻው ይለያያል፤ በተጠቀሙበት ቁጥር መናጥ ግድ ነው። እኔ ይህን ድብልቅ እወደዋለሁ፤ የምፈራውም እሱኑ ነው። አሴቶን ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ በብልጭታ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሳባል። ብየዳ ባለበት ግቢ አይከፈትም። ቀለምና ፕላስቲክም ይበላል። በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ውሃ መስሎት የሚያነሳው ልጅ አለ።

ኮካ ኮላስ? ውስጡ ያለው ፎስፎሪክ አሲድ ተዘፍዝፎ ላደረ ትንሽ እቃ ዝገቱን ያለሰልሳል፤ መኪና ላይ ለተጣበቀ ብሎን ግን ጊዜ ማባከን ነው።

የትኛውም ዘይት ቢገኝ የአቀባቡን ያህል ለውጥ አያመጣም። መጀመሪያ ዙሪያው በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፤ ቅርፊቱ ላይ የተቀባ ዘይት ቅርፊቱን ነው የሚያርሰው። ቀጥሎ ተቀብቶ አናቱ በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታል፤ ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቅና ለዘይቱ መንገድ ይከፍታል። ከዚያ ይተዋል። ከተቻለ ሌሊቱን፣ ካልተቻለ በየሩብ ሰዓቱ እየተደገመ። እሳት የመጨረሻው ነው፤ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ዳዶ በ300 ዲግሪ ቢሞቅ ቀዳዳው የሚሰፋው 4 መቶኛ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያችው ብዙ ጊዜ ትበቃለች። ዘይት የተቀባ ብሎን ላይ ግን ዘይቱ ሳይጸዳ እሳት መለኮስ አደጋ ነው። የፍሬን ሸራና ዲስክ አካባቢም ዘይት አይረጭም፤ ጠብታው መኪናውን ማቆም ሊያሳጣ ይችላል። አሮጌ የጭነት መኪና ከሆነ ደግሞ የግራ ጎን ጎማ ብሎኖች አንዳንዴ በተቃራኒ የሚፈቱ ናቸው፤ ፈታሁ ብሎ እያጠበቀ የሚሰብር አይጠፋም።

ሲፈታም ለማላላት ከመጫን በፊት በትንሹ ወደ ማጥበቂያው ገፋ ማድረግ ይረዳል፤ ቡሶላው ባለ ስድስት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ የብሎኑን ጭንቅላት ማዕዘን አይበላም። የመጀመሪያዋ "ጢቅ" ከተሰማች በኋላ ጥድፊያ የለም። ሩብ ዙር ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ እንደገና ዘይት። በጥርሶቹ መካከል ቡናማ ጭቃ የመሰለ ዝገት እየተገፋ ይወጣል፤ ይጠረጋል፤ ይደገማል። የሚወጣው ዘይት እየጠራ ሲመጣ ቁልፉን አስቀምጦ የቀረውን በጣት ማዞር ይቻላል።