ቆርቆሮ ለመቀየር ስንት ፈቃድ?

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ባለችው ጫኖ የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲሰነጠቅ ወይም ጣራ ሲያፈስ የሚጠራው የመንደር አናጺ ወይም ግንበኛ እንጂ ደረጃ ያለው የሥራ ተቋራጭ አይደለም። ይህን በሕገ ወጥነት መፈረጅ ይቀናል፤ ሕጉ ራሱ ግን ትንሹን ቤት ከትልቁ ለይቶ ሲያይ ቆይቷል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከሁለት ፎቅ በታች የሆነን የግል መኖሪያ በምድብ ‹ሀ› አስቀምጦ፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውንና ሕዝብ የሚገለገልበትን በምድብ ‹ሐ› ሲመድብ፣ ግዴታው እንደ አደጋው መጠን ይሁን ማለቱ ነበር። አካሄዱ ትክክል ይመስለኛል። ቆርቆሮ ለሚቀይር አናጺ የተቋራጭ ፈቃድ ግዴታ ቢሆን ወጪው ዞሮ ባለቤቱ ላይ ይወድቃል፤ እሱም ጥገናውን ይተወዋል። (ዶርዜ ላይ ምስጥ የበላውን የቀርከሃ ቤት ግርጌ ቆርጦ ማሳጠር የኖረ ጥበብ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው በየትኛው ደረጃ ይመድበው ይሆን?)

«ታዲያ ቤቱ ቢደረመስ ማን ይጠየቃል?» የሚለው ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም፤ አካባቢው ስምጥ ሸለቆ ነውና መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ከቤቱ ትንሽነት ይልቅ የሥራው ዓይነት ይታይ። ልስን፣ ቀለም፣ በርና መስኮት ነጻ ይሁኑ፤ ምሰሶ የሚነካና የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ ግን የሙያ ብቃት ምዘና ያለፈ ይሁን። የንግድ ፈቃድ ብቻውን የእጅን ሙያ አይመሰክርም፤ ምዘናው ደግሞ በቴክኒክና ሙያ ሥርዓቱ ውስጥ ያለ ስለሆነ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም።