ጽዋው የማይደርሰው ማን ነው?
በገጠር አጥቢያ የመረዳዳት ሥርዓት፣ አሠራሩና ክፍተቱ

ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ የይልማና ዴንሳ ወረዳ ዋና ከተማ አዴት ትገኛለች። አካባቢው በጤፍ አምራችነቱና በግብርና ምርምር ማዕከሉ ይታወቃል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ በየጉብታው ላይ በአገር በቀል ዛፎች የተከበቡ አብያተ ክርስቲያናት ይታያሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በጥቂት ካህናትና በማይበዙ አባወራዎች የሚተዳደሩ ትንንሽ አጥቢያዎች ናቸው። ሰፊ ገቢ፣ ደመወዝተኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ወይም ለችግረኞች የተመደበ በጀት የላቸውም። ያም ሆኖ በእነዚህ አጥቢያዎች የታመመ ይጠየቃል፤ የሞተ በክብር ይቀበራል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ የመበለቲቱ እርሻም ጦም አያድርም። ይህ የሚሆነው በምን አሠራር እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሚጠነክርና የት ላይ እንደሚሳሳ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የመረዳዳት መሠረት

ምእመናን እርስ በርስ መደጋገፋቸው ከቤተ ክርስቲያን ልደት ጋር የተወለደ ነገር ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደሚተርከው፣ በኢየሩሳሌም ያሉ የአንዳንድ መበለቶች የዕለት ምግብ በመጓደሉ ቅሬታ በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት ሰባት ዲያቆናትን አስመርጠው በማዕዱ ላይ ሾመዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ችግሩ የምግብ ማነስ አልነበረም። ምግቡ እየታደለ ሳለ አንዳንዶች መዘንጋታቸው ነበር። መፍትሔውም ማንም እንዳይዘነጋ ኃላፊነት ያለባቸውን ሰዎች መሰየም ሆነ።

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ፣ በእሑድ ጉባኤ የተሰበሰበው መባ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውል እንደነበር ጽፏል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለመንገደኞች መጠለያና ሕክምና የሚሰጥ ትልቅ ተቋም አቋቁሟል። በአገራችን ደግሞ ይኸው መንፈስ ጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴና የመሳሰሉት ሥርዓቶች ሆኖ በየአጥቢያው ሥር ሰድዷል።

ጽዋ ማኅበር፤ በየወሩ የሚዞር ኃላፊነት

ጽዋ ማኅበር በአንድ ቅዱስ ስም የሚመሠረት የምእመናን ኅብረት ነው። ማኅበርተኞች ወር በገባ በ12 በቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 በእመቤታችን፣ በ27 በመድኃኔ ዓለም፣ ወይም በሌላ በመረጡት ዕለት በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ። የዕለቱ ተረኛ እንደ አቅሙ ዳቦና ጠላ፣ እንጀራና ወጥ ያዘጋጃል፤ ጾም ከሆነ የጾሙ ምግብ ይቀርባል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ማዕዱን ይባርካል። በመጨረሻም ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ተቀባዩም በማኅበርተኞች ፊት የሚመጣውን ወር ድግስ በአደራ ይረከባል። ማኅበሩን የሚመራው ሰው በብዙ ቦታ «ሙሴ» ይባላል።

ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ወርኃዊ ድግስ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን ውስጡ ሦስት ተግባራት አሉት። የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። በየወሩ አንድ ቀን ማኅበርተኛው ሁሉ በአንድ ቤት ሲገናኝ የጎደለው ሰው ወዲያው ይታወቃል። «እገሌ ለምን ቀረ?» የሚለው ጥያቄ ተራ ወሬ አይደለም፤ ታሞ ከሆነ ሊጠየቅ፣ ተቸግሮ ከሆነ ሊረዳ ነው። ሁለተኛው ዕርቅ ነው። ተቀያይሞ ከአንድ ጽዋ መጠጣት ነውር ስለሆነ፣ የድንበር ክርክርም ሆነ የቤተሰብ ጠብ ያለባቸው ሰዎች ከማዕዱ በፊት በካህኑና በሽማግሌዎች ፊት ይታረቃሉ። ሦስተኛው ውርስ ነው። ማኅበርተኛው ሲሞት በቦታው ልጁ ወይም ባለቤቱ ይተካሉ። በዚህም ማኅበሩ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የሟቹም ቤተሰብ ከኅብረቱ አይነጠልም።

ሰንበቴና የቆሎ ተማሪ

ጽዋ ማኅበር በየቤቱ የሚዞር ሲሆን ሰንበቴ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚደረግ ነው። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ተረኞች ያመጡት ዳቦና ጠላ በሰንበቴ ቤት ይቀርባል፤ ተባርኮም ለካህናት፣ ለማኅበርተኞች፣ ለነዳያንና ለመንገደኞች ይታደላል። የሰንበቴ ልዩ ጥቅም በሩ ክፍት መሆኑ ነው። ማኅበርተኛ ያልሆነ፣ መዋጮ ያላዋጣ፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳም ከማዕዱ ይካፈላል።

ጎጃም የቅኔ አገር እንደመሆኑ ከተካፋዮቹ መካከል የቆሎ ተማሪ አይታጣም። ልጁ ዘመዶቹን ትቶ፣ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ዕለታዊ ምግቡን ይለምናል። የሚሰጠው ቁራሽ እንጀራ እንደ ምጽዋት ብቻ መታየት የለበትም። ነገ በዚያው ወይም በሌላ አጥቢያ የሚያገለግለውን ካህን፣ መሪጌታና መምህር ያሳደገው ይህ የእናቶች እጅ ነው። ስለዚህ ገበሬው ያለ ትምህርት ቤት በጀትና ያለ ማደሪያ ቤት ለዘመናት አንድ ሙሉ የትምህርት ሥርዓት ሲቀልብ ኖሯል ማለት ይቻላል።

የንስሐ አባት፣ ደቦና ሐዘን

እያንዳንዱ ቤተሰብ የንስሐ አባት አለው። የንስሐ አባት ጸበል ሊረጭ፣ ሊባርክ ወይም ሊመክር ወደ ልጆቹ ቤት ሲገባ ሌላ ሰው የማያየውን ያያል። ጎተራው ባዶ መሆኑን፣ አሮጊቲቱ ከአልጋ መውረድ ማቆሟን፣ ባልና ሚስቱ መኰራረፋቸውን ይገነዘባል። ምሥጢር መጠበቅ ግዴታው በመሆኑም ችግሩን ሳያወጣ እርዳታውን ማስገባት ይችላል።

የሥራ መደጋገፉ ደግሞ በደቦና በወንፈል ይከናወናል። በወንፈል ጉልበት በጉልበት ይመለሳል፤ ዛሬ ላንተ ያረመ ነገ ይታረምለታል። በደቦ ግን ጎረቤት ተጠርቶ የአንዱን ሥራ በአንድ ቀን ይጨርሳል። የጤፍ አረም ብዙ እጅ ስለሚሻና አጨዳውም ጊዜ ስለማይሰጥ፣ ባል ለሞተባት ሴት ወይም ለታመመ ገበሬ በወቅቱ የሚደረግ ደቦ የአንድ ዓመት ቀለብ ያተርፋል።

ሐዘን ሲደርስ አጥቢያው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ጎረቤት ሬሳውን ይገንዛል፤ ወጣቱ መቃብር ይቆፍራል፤ ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ሴቶች ውኃ ቀድተው፣ እንጀራ ጋግረው ለሐዘንተኛው ቤት ያቀርባሉ። በእድርም ይሁን ያለ እድር፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም።

ከመሬት ሥሪት ለውጥ በኋላ

ይህ የመረዳዳት ሥርዓት በምን ላይ እንደቆመ ለመረዳት የቅርብ ታሪክን ማስታወስ ይጠቅማል። ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን ካህናቷን ያስተዳደረችውና ከሚገኘውም ለድሆች ያካፈለችው በዋናነት ከመሬት በምታገኘው ገቢ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የካቲት ወር የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ይህ ገቢ ተቋረጠ። ከዚያ በፊት በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው ቃለ ዓዋዲ፣ አጥቢያዎች ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሚመረጥ ሰበካ ጉባኤ እንዲተዳደሩ ደንግጎ ነበር። በመሆኑም አጥቢያው መሬቱን ሲያጣ በምእመናን አስተዋጽኦ የሚቆምበት መዋቅር ተዘጋጅቶ ቆየው። ከዚያ ወዲህ የትንሿ አጥቢያ ሀብት የምእመናኗ እጅና ልብ ነው። ምእመናኑ ሲበረቱ ትበረታለች፤ ሲደክሙም ትደክማለች።

ክፍተቱ የት ነው?

ሥርዓቱ መልካም መሆኑ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ዋናው ጉድለት መረዳዳቱ በተራ የተመሠረተ መሆኑ ነው። ተራ የሚደርሰው መደገስ የሚችል ሰው ነው። ንብረቱ ያለቀበት ሰው የጽዋው ተራ ሲቃረብ ይጨነቃል። ተበድሮ ይደግሳል፣ ወይም አፍሮ ከማኅበሩ ይቀራል። በዚህ ጊዜ አስቀድመን የጠቀስነው ቆጠራ ራሱ ይከሽፋል፤ ማኅበርተኛ ያልሆነን ሰው «ለምን ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ የለምና። እርዳታው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሰው ከእርዳታው ክበብ የሚወጣው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ክፍተት የተዝካር ወጪ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ለ40 ወይም ለሙት ዓመት ድግስ በሬውን ሸጦ፣ እህሉን አራግፎ፣ ከዚያም አልፎ ተበድሮ ይደግሳል። ሐዘኑ ሲያልፍ ዕዳው ይቀራል፤ የሟቹም ልጆች ይጎዳሉ። ለነፍስ የሚጠቅመው ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ምጽዋቱ እንጂ የድግሱ ስፋት አለመሆኑን አባቶች ሲያስተምሩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ከጎረቤት ማነስን የሚፈራ ቤተሰብ ብቻውን ልማዱን ሊያቀል አይችልም፤ አጥቢያው በአንድነት ሲወስን ነው የሚቀለው።

ሦስተኛው የጉልበት መሳሳት ነው። ወጣቶች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባና ከዚያም ርቀው ሲሄዱ፣ አረጋውያን ወላጆች ጧሪ አጥተው ይቀራሉ። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የተከሰተው ግጭትም የብዙዎችን ኑሮ አናግቷል፤ የረጂውንና የተረጂውን ቁጥር አዛብቷል።

አጥቢያዎች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

እነዚህን ክፍተቶች ለመሙላት አዲስ ተቋም መፍጠር አያስፈልግም። ያለውን ሥርዓት በጥቂቱ ማስተካከል ይበቃል።

አንደኛ፣ የሚጠይቁ ሰዎችን መሰየም። ሰበካ ጉባኤው አንድ ካህን፣ አንዲት በአጥቢያው የተከበሩ እናትና አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት መርጦ፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን፣ መበለቶችን፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትን፣ አካል ጉዳተኞችንና ተፈናቃዮችን በየጊዜው እንዲጎበኙ ቢያደርግ፣ የሰባቱ ዲያቆናት ሥርዓት በትንሿ አጥቢያ ይታደሳል። የሚያዙት ስም ዝርዝር በዐውደ ምሕረት የሚነበብ መሆን የለበትም። የተቸገረ ሰው ከረኃቡ ይልቅ መታወቁን ሊፈራ ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ጽዋውን ማቅለል። ማኅበሩ የድግሱን ልክ በስምምነት ቢወስን፣ ለምሳሌ አንድ ዳቦና አንድ ማድጋ ጠላ ይበቃል ቢል፣ ድሃውና ሀብታሙ በእኩልነት ጽዋውን ይረከባሉ። የተረፈው ገንዘብ ወይም እህል ለችግረኛ መርጃ ሊቀመጥ ይችላል። ያንኑም ያጣ ማኅበርተኛ ሲኖር ተራውን ሁለት ማኅበርተኞች በጋራ ይወጡለታል፤ ጽዋው ግን ከእጁ አይወሰድም።

ሦስተኛ፣ የአጥቢያ የእህል ክምችት ማቋቋም። በሐምሌና በነሐሴ፣ አዲሱ ሰብል ገና በማሳ ላይ ሳለ፣ የብዙ ድሃ ቤተሰብ ጎተራ ይራቆታል። ስሌቱ ቀላል ነው። በአጥቢያው ያሉ 60 አባወራዎች ከውቂያ በኋላ እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ እህል ቢሰጡ 600 ኪሎ፣ ማለትም ስድስት ኩንታል ይሆናል። ለአንድ አነስተኛ ቤተሰብ በወር 50 ኪሎ ቢመደብ፣ ይህ ክምችት ስድስት ቤተሰቦችን ሁለቱን ከባድ ወራት ያሻግራል። ለሰጪው አሥር ኪሎ ብዙ አይደለም፤ ለተቀባዩ ግን የዘር እህሉን ከመብላት ወይም በሬውን ከመሸጥ ያድነዋል። ክምችቱ ከነቀዝና ከእርጥበት እንዲጠበቅ፣ ገቢና ወጪውም በመዝገብ እንዲያዝ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ከጤና መድኅን ጋር መተሳሰር። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአገራችን በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከእነዚህ አንዱ በጎጃም የሚገኘው ደቡብ አቸፈር ነበር። አሠራሩ ከማኅበራችን አሠራር የራቀ አይደለም፤ ጤነኛው ያዋጣል፣ የታመመው ይታከማል። ጽዋ ማኅበራትና ሰንበቴዎች ዓመታዊ መዋጮውን መክፈል ላቃተው አባል ቢከፍሉ፣ ኋላ ታሞ ለሕክምና ከሚዋጣለት እጅግ ያነሰ ገንዘብ አውጥተው የበለጠ ይረዱታል።

ማጠቃለያ

በትንሿ አጥቢያ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀውን ችግር ማንም የራሱ ኃላፊነት አድርጎ ሳይወስደው የሚቀርበት ጊዜ አለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው ብሂል የሚሠራው እያንዳንዱ ሎሚውን ሲያነሣ ነው። ስለዚህ የየአጥቢያው ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የማኅበራት ሙሴዎችና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ እንድታነሡ በትሕትና እናሳስባለን፤ በአጥቢያችን ጽዋው የማይደርሰው ማን ነው? መልሱን ካገኛችሁ ሥራው ተጀምሯል። እግዚአብሔር አምላክ የአገልግሎታችሁን ፍጻሜ ያሳምርልን፤ አሜን።