የረጅሙ ሌንስ ምርኩዝ

ከአራዊትና ከአዕዋፍ ርቆ ቆሞ፣ ሳያስበረግግ፣ መልካቸውን ከቅርብ እንዳየ አድርጎ ለሚያነሣ ሰው ረጅሙ ሌንስ ታላቅ ጸጋ ቢሆንም፣ ሩቁን ባቀረበበት መጠን የያዘውን እጅ መንቀጥቀጥ አብሮ ስለሚያጎላ ብርቱ ምርኩዝ ይሻል። ባለ 600 ሚሊሜትር ሌንስ ከዳር እስከ ዳር የሚያየው አራት ዲግሪ ያህል ብቻ ነውና፣ በሚነሣበት ቅጽበት የአንድ ዲግሪ ሺኛ እጅ ቢዛነፍ ምስሉ በካሜራው ውስጥ በ0.01 ሚሊሜትር ገደማ ይሸሻል፤ ይህም ኢምንት መሸሽ ፎቶግራፉ ሲሰፋ የቀይ ቀበሮን ጠጉር አንዱን ካንዱ የማያስለይ ጭጋግ ሆኖ ይገለጣል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የዚህ ዓይነት ሌንስ ብቻውን 5.36 ኪሎግራም ይመዝን ነበር፤ በ2018 የወጣው ወደ 3.05 ወርዷል፤ ሆኖም መቅለሉ ለትከሻ ዕረፍት ነው እንጂ ለምስሉ ጽንዓት ዋስትና አይደለም፤ ቀላሉን ነፋስ ቶሎ ያወዛውዘዋልና።

ሊቃውንቱ ማኅሌት ሲቆሙ መቋሚያ እንደሚይዙ ሁሉ፣ የሌንሱም የመጀመሪያ ድጋፍ ባለ ሦስት እግሩ ትራይፖድ ነው። ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ገጽ ላይ ስለሚያርፉ፣ ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ አራት እግር ያለው ሲወላገድ እርሱ ጸንቶ ይቆማል፤ ነገር ግን ቁመት ለመጨመር ሲባል የመካከሉን ዘንግ ወደ ላይ የሚመዙ ሰዎች ይህን ጽንዓት በገዛ እጃቸው ያፈርሱታል። ትራይፖዱ የሚታሰረው በካሜራው ሳይሆን ሌንሱ በታጠቀው ቀለበት ነው፤ አለዚያ ክብደቱ ሁሉ በመጋጠሚያው ላይ ይወድቃል።

ከእግሮቹ በላይ ያለው ራስ ግን የነገሩ ሁሉ ማእከል ነው። ኳስ መሰሉ ራስ ለትንሽ ሌንስ ይበቃል፤ ከባዱን የተሸከመ ጊዜ ግን ማጥበቂያው ሲላላ ሌንሱ በድንገት ወደ ጎን ይዘነበላል፣ ጣትም ይቆነጥጣል። ስለዚህ ጠንቃቆች ጂምባል የተባለውን ይመርጣሉ፤ የመርከብ ኮምፓስ በማዕበል ውስጥ ሳይዘነበል እንዲቆም ያስቻለው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኢጣሊያዊ ሊቅ በጄሮላሞ ካርዳኖ ስም የሚጠራው የአንጠልጣይ ጥበብ፣ ሥራው በዚህም ያው ነው። ሌንሱ ወደፊትና ወደኋላ እየተንሸራተተ ማእከለ ክብደቱ ከመዞሪያው ጋር ሲስተካከል፣ ያ ሁሉ ሸክም በአንድ ጣት ይታዘዛል፤ ሲለቁትም በተዉት ቦታ ይቀራል፤ የሚበር ንስርን መከተል የሚቻለውም በዚህ ነው።

ትራይፖዱን ከተከሉ በኋላ መንካት ኃጢአት የሚመስላቸው አሉ። ዘገምተኛ ሹተር ሲሆን እውነት አላቸው፤ በፈጣኑ ግን ግራ እጅን በሌንሱ ጀርባ ላይ አሳርፎ፣ ፊትን ከካሜራው ማጣበቅ ይሻላል፤ የሰው ሥጋ ንዝረትን ይውጣልና።

በባሌ ሳነቲ አምባ፣ ከጎባ ወደ ዶሎ መና በሚያልፈው መንገድ፣ ቀይ ቀበሮን ከመኪና መስኮት ለሚያነሣ ሰው ይህ ሁሉ ብረት ትርፍ ነው፤ ባዶ ከረጢት ይዞ ጎባ ገበያ ላይ ሽምብራ ወይም በቆሎ ሞልቶ በመስኮቱ ላይ ቢያጋድም፣ በእኔ አስተያየት ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጥበታል፤ ሞተሩን ካጠፋ ብቻ። በአዋሽ ሜዳ ሳላን ለሚያነሣ ግን ቀትር ላይ ከመሬቱ የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው፣ ከሌንሱ ውጭ ላለው ለዚህ መንቀጥቀጥ ትራይፖድም ሆነ ከረጢት መድኃኒት የላቸውም፤ መድኃኒቱ ማልዶ መውጣት ወይም መቅረብ ነው።