ስንት ዓመትህ ነው?

ዛሬ ሁላችንም ስንጠየቅ ስለምንኖረው አንድ ጥያቄ እናያለን። «ስንት ዓመትህ ነው? ስንት ዓመትሽ ነው?» ቀላል ይመስላል አይደል? በሕግ ፊት ግን ልጅን ከጉልበት ብዝበዛም ሆነ ከአዋቂዎች እስር ቤት የሚያድነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ይዘረዝራል። የሕፃን ጉልበት እንዳይበዘበዝ፣ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራም እንዳይሠራ ያዛል። አጥፍቶ ማረሚያ ተቋም የገባ ልጅም ከአዋቂዎች ተለይቶ መያዝ አለበት ይላል። ሌሎቹ ሕጎች ደግሞ ቁጥር አስቀምጠዋል። ሦስቱን በቃላችን ብንይዛቸው ይጠቅመናል።

9፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም ይላል። ቢያጠፋ የሚያርሙት ወላጆቹ፣ አሳዳጊዎቹና ትምህርት ቤቱ ናቸው።

15፦ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ቢያጠፋ እንደ አዋቂ አይቀጣም። ዳኛው ሊገሥጸው፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ እንዲቆይ ሊያዝ ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ሊልከው ይችላል። ዋናው ዓላማ ልጁን ማስተካከል ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳን የልጅ ጉዳይ ሰው በተሰበሰበበት ሳይሆን በዳኛው ቢሮ በዝግ ይሰማ ብሏል። በሥራ በኩልም የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ከልክሏል። ድሮ 14 ነበር።

18፦ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። ለጋብቻም መነሻ ዕድሜው 18 ነው።

ታዲያ ሕጉ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ችግሩ የት ላይ ነው? አንዱ ችግር ማስረጃ ነው። ከጋሞ ደጋማ ቀበሌዎች ብዙ ልጆች «አዲስ አበባ ወስደን እናስተምራችኋለን» እየተባሉ መጥተው ሽሮ ሜዳ አካባቢ ቀኑን ሙሉ ሲሸምኑ ውለዋል። ሽመና የተከበረ ሙያ ነው፤ ጥፋተኛው ልጁን ከትምህርት ገበታ ነጥሎ ጉልበቱን የሚበላው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ መሮት ቢጠፋ የሚያድረው ጎዳና ላይ ነው። እርቦት ዳቦ ቢሰርቅና ቢያዝስ? «ስንት ዓመትህ ነው?» ይባላል። የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። ወላጆቹ ሩቅ ናቸው። ሐኪም ጥርሱንና አጥንቱን አይቶ ይገምታል፤ ግምት ደግሞ በዓመት በሁለት ዓመት ሊሳሳት ይችላል። ሰውነቱ ደንደን ያለ የ14 ዓመት ልጅ 18 ተብሎ ከተጻፈ ያ ሁሉ ጥበቃ ቀረበት ማለት ነው። መጀመሪያ የተበደለው እሱ ሆኖ ሳለ!

ሌላም ክፍተት አለ። የ2011ዱ አዋጅ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። ስለዚህ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ሌሊት ተነስታ እኩለ ሌሊት ብትተኛ ሰዓቷን የሚቆጥርላት የለም። ይሄ መስተካከል ያለበት ነገር ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ «የልደት ምስክር ወረቀቴ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ማስረጃ ቀርቦ መመዝገብ ይችላል፤ «አርፍደናል» ብሎ መተው የለም። ሁለተኛ፣ ታናናሾቻችንን እናስመዝግብ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ሦስተኛ፣ አብሮን የሚማር ልጅ ድንገት ከቀረ ወይም ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሲጥለው ከዋለ አንሳቅበት። ምናልባት ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ይሆናል። ለክፍል ኃላፊ መምህራችን ቶሎ እንንገር።

መምህራን ሆይ፣ እናንተም ስም ስትጠሩ «ቀሪ» ብላችሁ አትለፉት፤ የት እንደደረሰ ጠይቁልን።

ቸር እንሰንብት!