አምስተኛው ዛፍ፦ የጌዴኦ ጣውላ ከጓሮ እስከ ገበያ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጌዴኦ ዞን ዲላ የሚደርስ መንገደኛ፣ ከከተማዋ ወዲያ ያለው ተራራ ሁሉ ደን ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ሲያየው ግን የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳና ብሳና ጥላቸውን ጥለው ቆመዋል፤ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ መካከል ቡና፣ ከቡናው ግርጌ ጎደሬና ጎመን በቅሏል። እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው። ለባለቤቱ ዛፉ ለቡናው ጥላ፣ ለመሬቱ ማዳበሪያ፣ ለጓዳው ማገዶ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ቁጠባ ነው።

ቁጠባው የሚወጣው ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲታደስ ወይም የሕክምና ወጪ ሲመጣ ነው። በብዙ የአገራችን ገጠሮች እንደሚደረገው ነጋዴ ይጠራል። ነጋዴው ዛፉን ዞሮ ያያል፣ ግንዱን በክንዱ ያቅፋል፣ ቀና ብሎ ቁመቱን ይገምታል፣ ዋጋ ይጠራል። ዛፉ የሚሸጠው እንደ ቆመ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ መጣሉም፣ መሰንጠቁም፣ ፈቃዱም፣ መጓጓዣውም የነጋዴው ነው። ትርፉም አብሮት ይሄዳል። ጌዴኦን በመሰለ በዛፍ ሥር በሚኖር ዞን፣ ግንዱን ማን ይሰንጥቀው፣ በምን ይሰንጥቀው፣ ጥቅሙስ ለማን ይቅር የሚለው ጥያቄ የአናጢዎች ብቻ ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

ዞኑ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 847,434 ሰዎች በ1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ላይ ይኖሩ ነበር። ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ማለት ነው፤ ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። እንዲህ የተጨናነቀ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ዛፉን ጨርሶ ገላጣ ሆኖ ይገኛል። የጌዴኦ ገበሬ ግን እያረሰም እየበላም ዛፉን አቆይቷል። ተመራማሪው ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ባቀረቡት ጥናት ያነሱት ይህንኑ ለሺህ ዓመታት የዘለቀ የመሬት አያያዝ ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴም የጌዴኦን መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በአካባቢው ከሚገኙት ትክል ድንጋዮችና ከተከበሩት ደኖች ጋር ይህን የጥምር እርሻ ጥበብ አብሮ መዝግቧል። ስለዚህ እዚህ የሚወድቅ እያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ የአንድ ቤተሰብ ሀብት እንደ ሆነ ሁሉ የቅርሱም አካል ነው።

የጌዴኦን ጣውላ ሥራ ከሌላው የሚለየው አቀማመጡ ነው። ምድሩ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ እስከ 3,000 ሜትር የሚወጣ ተዳፋት ሲሆን፣ ዛፉ የቆመው ከመኪና መንገድ ርቆ፣ በእንሰትና በቡና ተከቦ ነው። ስልሳ ሳንቲ ሜትር ውፍረትና ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው እርጥብ ግንዲላ ስድስት ሰባት ኩንታል ይመዝናል። ያንን በቡና መካከል ጎትቶ መንገድ ላይ ማድረስ ከዛፉ ዋጋ በላይ ሰብል ማጥፋት ነው። ስለዚህ ግንዱ ወደ መሰንጠቂያ አይሄድም፤ መሰንጠቂያው ወደ ግንዱ ይመጣል።

አሮጌው መንገድ የሁለት ሰው መጋዝ ነው። ግንዱ በእንጨት ቆጥ ላይ ወይም በጉድጓድ አፍ ላይ ይወጣል፤ ጥቁር ቀለም በተነከረ ክር መስመር ይመታበታል፤ አንዱ ከላይ ቆሞ መጋዙን ይስባል፣ ሌላው ከታች ሆኖ ሰጋቱራው በዓይኑ እየወረደበት ወደ ታች ይጎትታል። ሥራው አድካሚ፣ ቀርፋፋና ርካሽ ነው። ነዳጅ አይፈልግም፣ ምላጩም ቀጭን ነው። ችግሩ እጅ ሲዝል መስመር መሳቱ ነው። አንድ ጫፉ ወፍራም፣ ሌላው ጫፉ ስስ የሆነ ጣውላ አናጢው መላጊያ ሥር ሲገባ ግማሹ ፍቅፋቂ ይሆናል።

የሞተር መጋዝ ሲመጣ ጊዜውን አሳጠረው፤ የእንጨቱን ብክነት ግን አበዛው። ሰንሰለቱ በሄደበት ሁሉ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ይበላል። በቀጭን ብረት የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ባንድሶ የሚበላው ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። ከአራቱም ጎን ተጠርቦ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ባላቸው ጣውላዎች ሲሰነጠቅ፣ በሰንሰለት መጋዝ 17 ጣውላ፣ በባንድሶ 21 ጣውላ ይወጣዋል። አራት ግንድ በባንድሶ 84 ጣውላ ይሰጣል። ይህንኑ ያህል በሰንሰለት ለማግኘት አምስተኛ ዛፍ መጣል ያስፈልጋል። አምስተኛው ዛፍ ማንም ሳይጠቀምበት ሰጋቱራ ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል። ይህም መጋዙ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ነው፤ ያለ ማስመሪያ በእጅ ብቻ ሲነዳ ጥፋቱ ከዚህም ይብሳል።

ታዲያ ባንድሶ ተገዝቶ ይምጣ ማለት ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ዉድ-ማይዘርን የመሳሰሉት ኩባንያዎች በመኪና የሚጎተት ባንድሶ ለዓለም ገበያ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ይሁን እንጂ በመኪና የሚጎተት ማሽን መኪና ይፈልጋል፤ የጌዴኦ ጓሮ ደግሞ ለመኪና አይመችም። ሊሆን የሚችለው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። በመንገድ ዳር ለሚሰበሰበው ባሕር ዛፍና ለሌላው ተተካይ ዛፍ ባንድሶ ይሆናል። በጓሮ ውስጥ ለሚወድቀው ትልቅ ዛፍ ግን ተፈታትቶ በሰው ሸክም የሚገባ ትንሽ መሰንጠቂያ፣ ካልሆነም በሞተር መጋዝ ላይ የሚታሰር የብረት ማስመሪያ ይሻላል። ማስመሪያው የሰንሰለቱን ጥርስ አያቀጥነውም፤ ጣውላው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እንዲወጣ ያደርጋል።

ከመሰንጠቁ በፊትም ብዙ የሚታይ ነገር አለ። ዛፍ ከእንሰትና ከቡና መካከል ሲወድቅ መጀመሪያ ቅርንጫፉ ከላይ ወደ ታች ይመለመላል፤ ባዶ ግንድ ሲቀር አቅጣጫ ተመርጦለት ይጣላል። የሚወድቅበት ቦታ ላይ ያለ እንሰት ለመብል የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የተሰበረ ቡናም ዳግም አፍርቶ እስኪለቀም ጊዜ ይወስዳል። ዛፉን እንደ ቆመ የሸጠ ገበሬ ይህን ጉዳት በዋጋው ውስጥ ያስገባል ወይ? አብዛኛውን ጊዜ አያስገባም።

ከተሰነጠቀ በኋላ ያለው ቸልተኝነት ደግሞ የጣውላውን ዋጋ ይገድለዋል። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ እርጥብ ጣውላ እርስ በርሱ ተነባብሮ መሬት ላይ ከተቀመጠ ይሻግታል፣ ይጠቁራል፤ ፀሐይ ላይ ከተጣለም ይጣመማል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ ከላይ ጣሪያ፣ በየጣውላው መካከል እኩል ውፍረት ያለው ቀጭን ዘንግ፣ በግንዱ ጫፍ ላይ ቀለም ወይም ሰም፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይበቃል። ለቤት ዕቃ የሚሆን እንጨት እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እንዲወርድ ይጠበቃል። ከመጋዝ ወርዶ በሳምንቱ በር የሆነ ዋንዛ በሁለተኛው ዓመት ከመቃኑ ጋር ይጣላል፤ ሰው ግን የሚያማው አናጢውን ነው።

የአገራችን ትልልቅ መሰንጠቂያዎች ታሪክ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ከዲላ በስተሰሜን በሙኔሳና በሻሸመኔ አካባቢ የነበሩ መሰንጠቂያዎች ዝግባውን፣ ጥዱንና ቀራሮውን ለአሥርት ዓመታት ሰንጥቀዋል። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ መሰንጠቂያዎች ወደ መንግሥት ሲዞሩ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ የተፈጥሮ ደኑ መመናመን አልቆመም። ቆይቶ ቦታውን የተካው የፈረንጅ ጥድና ፓይን ተከላ ነው። ከዲላ በስተሰሜን በሚገኘው ወንዶ ገነት እ.ኤ.አ. በ1978 በስዊድን ድጋፍ የደን ትምህርት ተቋም ተከፍቶ ባለሙያ ሲያፈራ ኖሯል። ጌዴኦ ግን ትልቅ የመንግሥት ደን ስለሌለው ፋብሪካውም፣ ባለሙያውም፣ የዋጋ ተመኑም አልደረሰውም። ጣውላው ከጓሮ ወጣ፣ ሥራውም በጓሮ ቀረ።

ሕጉም ይህንን ጓሮ በሚገባ አላየውም። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሏል። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን ባለቤትነትን ያውቃል። በወረቀት ላይ የገበሬው ዛፍ የገበሬው ነው። ሆኖም ጣውላው ከቀበሌ ሲወጣ ፈቃድና መሸኛ ይጠየቃል፤ ኬላ ላይ የቆመ ሠራተኛ ከጓሮ የተቆረጠ ዋንዛና ከደን የተሰረቀ ዋንዛ በዓይኑ አይቶ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ሁለቱንም ይጠረጥራል። ከቢሮ ቢሮ መመላለሱን የለመደው ነጋዴ ነው፤ ገበሬው ለአንድ ዛፍ ብሎ ሥራውን ጥሎ አይመላለስም። ዛፉ ቆሞ የሚሸጥበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ደንን ለመጠበቅ የወጣው ሥርዓት ደኑን ተክሎ ላቆየው ሰው ሳይሆን ወረቀት ለሚያውቀው አድልቷል።

ለእንጨቱ ብክነትና ለደኑ መመናመን መፍትሔው መጋዙን መከልከል ነው የሚሉ አሉ። ጋና ይህን ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1998 በሞተር መጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ ለገበያ እንዳይቀርብ ከለከለች። ሆኖም የከተሞቿ ገበያ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በአብዛኛው በዚሁ በተከለከለ ጣውላ ሲቀለብ ኖረ፤ ፋብሪካዎቹ በአብዛኛው ለውጭ ገበያ ይሠሩ ስለ ነበር የአገር ውስጥ ፍላጎትን የሚያሟላ ሌላ ሰው አልነበረም። በመጨረሻም ትንንሾቹን ሰንጣቂዎች አሠልጥኖና አደራጅቶ የተሻለ ማሽን ይዘው በሕግ እንዲሠሩ ወደማድረግ ተዞረ። ቤት የሚሠራ ሰው እስካለ ድረስ ጣውላ ይሰነጠቃል። ክልከላው የሚወስነው ሥራው በቀን ይሠራ ወይስ በሌሊት የሚለውን ብቻ ነው።

በእርግጥ ተቃራኒው ስጋትም እውነት ነው። መሰንጠቅ ሲቀል መጣልም ይቀላል። ጫትና ባሕር ዛፍ በጥምር እርሻው ቦታ እየገቡ ባሉበት ዘመን፣ ትልቁን ዋንዛ በፍጥነት ወደ ብር የሚለውጥ ማሽን ጓሮውን ባዶ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ ብቻውን መምጣት የለበትም። ዋነኛ ሥራው በተተከለውና ቶሎ በሚተካው ዛፍ ላይ መሆን አለበት። ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ በውስጡ የታመቀው ውጥረት ጣውላውን ያጎብጠዋል፣ ጫፉንም ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ አንዴ ከአንዱ ጎን፣ አንዴ ከተቃራኒው ጎን እያገላበጡ መሰንጠቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ሰንጣቂ አጣና ሆኖ በርካሽ የሚሸጠውን ዛፍ ሞራሌና ጣውላ አድርጎ ያወጣዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ለቡና ጥላ የሚተከለው ግራቪሊያም ለዚህ ይሆናል። ዋንዛ፣ ብርብራና ሌላው አገር በቀል ዛፍ ግን ያረጀው ብቻ፣ ተተኪው በቅሎ ከታየ በኋላ ይቆረጥ።

የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚቆረጥ ለመወሰን ጌዴኦ አዲስ ተቋም አያስፈልገውም። በባህላዊው ሸንጎ፣ በሶንጎ፣ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች የአካባቢውን ነገር አይተው ሲዳኙ ኖረዋል፤ የትኛው ጓሮ ስንት ዛፍ እንዳለው፣ የትኛው እንዳረጀ፣ ማን ሳይተካ እንደቆረጠ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ወረዳው የእነሱን ምስክርነት ለመሸኛው መነሻ ቢያደርግ፣ ኬላው የሚጠይቀው ማስረጃ ከዛፉ ሥር ይጀምራል። የሽማግሌ ቃል በጥቅም ሊዛባ ይችላል የሚል ቢኖር ልክ ነው፤ ማኅተምም ይዛባል። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

ቀሪው የተግባር ጉዳይ ነው። የቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ቡናን ሰብስቦ አጥቦ መሸጥን ያውቁበታል፤ በአንድ ማኅበር አንድ መሰንጠቂያና አንድ የማድረቂያ ዳስ ቢኖር ጣውላንም እንደዚያው መያዝ ይችላሉ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የምላጭ አሳሳልን፣ የጣውላ አደራረቅንና የደኅንነት ጥንቃቄን ለወጣቶች ቢያስተምር የሞተር መጋዝ የራስ ቁርና የዓይን መከላከያ በሌለው ልጅ እጅ አይገባም። የዞኑና የወረዳዎቹ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ገበሬው ለአንድ ዛፍ በአንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት ፈቃዱን አግኝቶ የሚመለስበትን አሠራር ይዘርጉ። የጌዴኦ ገበሬ ዛፉን ተክሎ፣ ጠብቆና በሥሩ ቡና አምርቶ አሳድጎታል። ጣውላውንም ለክቶ፣ አድርቆና በስሙ መሸጥ ይገባዋል።